ለከፍተኛ ቮልቴጅ የኃይል ምንጭ የሚሆን የሬክቲፋየር ዳዮድ አመራረጥ፦ ሐረርን መነሻ ያደረገ ቅኝት

በሐረር ከተማ ከፍተኛ ቮልቴጅ የት እንዳለ የሚጠየቅ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ጣቢያው ይጠቁማል። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ቮልት ግን ታማሚ በሚቆምበት ክፍል ውስጥም አለ። በሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ሥር በሚገኘው በሕይወት ፋና ሆስፒታልም ሆነ በማንኛውም ሌላ ሆስፒታል የሚሠራ የራጅ መሣሪያ ከ220 ወይም ከ380 ቮልት መስመር ተነሥቶ ለራጅ ቱቦው ከ40 እስከ 125 ኪሎ ቮልት ገደማ የሚደርስ ባለ አንድ አቅጣጫ ቮልቴጅ ያቀርባል። ቮልቴጁን ከፍ የሚያደርገው ትራንስፎርመር ነው፤ ተለዋዋጩን ጅረት ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያስገባው ግን ሬክቲፋየር ዳዮድ ነው። በዋጋም በመጠንም ከመሣሪያው አካላት ሁሉ አነስተኛ ከሚባሉት ወገን ቢሆንም፣ እርሱ ሲበላሽ ክፍሉ ሥራውን ያቆማል፤ ወይም ደግሞ ከዚህ የከፋ ነገር ይሆናል።

የከፋው ነገር ምን እንደሆነ አስቀድሞ መናገር ይገባል። የዳዮድ ብልሽት ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ጯሂ፣ ሌላው ዝምተኛ። በአራት ክንድ ድልድይ በተሠራ ባለ 50 ኸርዝ አሮጌ የራጅ ጄኔሬተር ላይ አንደኛው ክንድ ውስጡ ተቃጥሎ ሁለቱ ጫፎቹ ቢገናኙ ትራንስፎርመሩ በየዑደቱ በአንደኛው ግማሽ አጭር ዙር ይገጥመዋል፤ ፊውዝ ይቃጠላል፤ ሁሉም ብልሽቱን ያውቃል። ክንዱ ተበጥሶ ክፍት ቢሆን ግን ፊውዝ አይቃጠልም። ከሞገዱ ግማሹ ብቻ ይጠፋል፤ ቱቦው በሰከንድ 100 ጊዜ ማብራት ሲገባው 50 ጊዜ ያበራል፤ ምስሉም ይደበዝዛል። ባለሙያው ምስሉን አይቶ በሽተኛውን ዳግመኛ ያነሣል፣ ወይም ለሚቀጥሉት ሁሉ የማንሻውን ጊዜ ያራዝማል። ደረቱን ሊታይ የመጣ የሳንባ ታማሚ ሁለት ጊዜ ጨረር ይቀበላል፤ የመሣሪያው ሰሌዳ ግን ሁሉም ነገር ደኅና እንደሆነ ያሳያል።

ከዚህ የተነሣ የዳዮድ ምርጫ ዋጋና ተገኝነት ብቻ የሚወስኑት ጉዳይ ሊሆን አይችልም። በተለምዶ የሚፈጸመው ስሕተት ዳዮዱን በሚፈለገው የውጤት ቮልቴጅ ልክ መምረጥ ነው፤ መመረጥ ያለበት ግን መስመሩ እጅግ ከፍ በሚልበት፣ ጭነትም በሌለበት ሰዓት ዳዮዱ በተገላቢጦሽ በሚሸከመው ቮልቴጅ ልክ ነው። ሁለቱ ቁጥሮች ምን ያህል እንደሚራራቁ በአንድ ምሳሌ ማየት ይቻላል።

ከ5 ኪሎ ቮልት ወደ 21 ዳዮድ

ለኢንሱሌሽን መፈተሻ ወይም ለፊዚክስ ላቦራቶሪ የሚሆን የ5 ኪሎ ቮልት ምንጭ ይሠራ እንበል። በምሳሌነት የተወሰደው የላቦራቶሪ ምንጭ እንጂ የራጅ ጄኔሬተር አይደለም። የሕክምና መሣሪያ ዳዮድ አምራቹ ባዘዘው ዓይነት ብቻ መተካት አለበት፤ ስሌቱ ግን ለሁለቱም አንድ ነው።

ትራንስፎርመሩ በ220 ቮልት መግቢያ 3,500 ቮልት ውጤታማ ዋጋ ይሰጣል። የሞገዱ ጫፍ በ1.414 ሲባዛ ወደ 4,950 ቮልት ነው፤ በግማሽ ሞገድ ሬክቲፋየርና በካፓሲተር አማካይነት የሚገኘው ውጤትም ይኸው ነው። «ውጤቱ 5 ኪሎ ቮልት ስለሆነ 5 ኪሎ ቮልት የሚችል ዳዮድ ይበቃል» የሚለው አስተሳሰብ የሚወለደው እዚህ ላይ ነው።

ዳዮዱ ሲዘጋ ግን ከአንድ ወገኑ ካፓሲተሩ በ4,950 ቮልት ሞልቶ ይጠብቀዋል፤ ከሌላው ወገን ትራንስፎርመሩ ወደ ተቃራኒው ጫፍ ወርዶ ሌላ 4,950 ቮልት ይጨምርበታል። ስለዚህ የተገላቢጦሹ ቮልቴጅ የጫፉ እጥፍ ነው። መስመሩ ከመደበኛው 10 በመቶ ከፍ ብሎ 242 ቮልት ቢደርስ ጫፉ 5,445 ይሆናል፤ ጭነት በሌለበት ጊዜ የትራንስፎርመሩ ውጤት በ8 በመቶ ከፍ ይላል ብንል 5,880፤ እጥፉ ወደ 11,760 ቮልት። መብራት ሲመጣና ሲሄድ፣ ጄኔሬተር ሲቀያየር ለሚፈጠሩ ቅጽበታዊ ዝላዮች 1.5 እጥፍ መጠባበቂያ ሲታከልበት 17,640 ቮልት ይደርሳል። 1,000 ቮልት የሚችለው፣ በየሱቁ የማይጠፋው 1ኤን4007 ዳዮድ ከተመረጠ 18 ዳዮዶች በተከታታይ መያያዝ አለባቸው ማለት ነው። አምስት አይደሉም።

ጉዳዩ በዚህም አያበቃም። ቮልቴጅ በሚወርድበት መስመር ላይ የሚሠራ ቴክኒሻን ብዙ ጊዜ የሚወስደው መፍትሔ የትራንስፎርመሩን ታፕ ዝቅ ወዳለው መግቢያ ማዞር ነው። ቀን 190 ቮልት ብቻ የሚደርሰው ክፍል በ190 ታፕ ላይ ሲታሰር የሚፈልገውን 3,500 ቮልት ያገኛል፤ ሥራውም ይቃናለታል። ሌሊት ወፍጮውና ምድጃው ሲጠፋ መስመሩ ወደ 242 ቢወጣ ግን ትራንስፎርመሩ ወደ 4,458 ቮልት ይሰጣል፤ ጫፉ ያለ ጭነት 6,809፣ እጥፉ 13,617 ይሆናል፤ ከመጠባበቂያው ጋር 20,426 ቮልት፣ ማለትም 21 ዳዮድ። ቀን የተደረገ ደግ ሥራ ሌሊት ዳዮድ ይገድላል። ጠዋት ላይ ተሰብሮ የተገኘውን ዳዮድ የሚመረምር ሰው መስመሩን የሚለካው ቀን ስለሆነ፣ የሚያየው ዝቅተኛ ቮልቴጅን ነው፤ «ቮልቴጅ በዛ» የሚል ጥርጣሬም አያድርበትም።

በድልድይ አሠራር እያንዳንዱ ክንድ የሚሸከመው የጫፉን አንድ እጥፍ ብቻ ስለሆነ ለዚሁ ትራንስፎርመር በክንድ 11 ዳዮድ ይበቃል፤ ክንዶቹ አራት ስለሆኑ ግን በድምሩ 44 ይሆናሉ። ትርፉ የተሻለ ለስላሳ ውጤት ነው። ካፓሲተርና ዳዮድ እየተደራረቡ ቮልቴጁን በሚያባዙበት አሠራር ደግሞ፣ ደረጃው ምንም ያህል ቢበዛ፣ እያንዳንዱ ዳዮድ የጫፉን እጥፍ ብቻ ይሸከማል። ዘመናዊ የራጅ ጄኔሬተሮች ይህን የመሰለውን አሠራር የሚወዱት ስለዚህ ነው።

ተከታታዩና አከፋፈሉ

ሃያ አንድ ዳዮድ መደርደር ሃያ አንድ ሺሕ ቮልት መቻል አይደለም። የተዘጉ ዳዮዶች በተገላቢጦሽ አቅጣጫ ጥቂት ጅረት ያሾልካሉ፤ የሁሉም ሾላኪ ጅረት እኩል ስላልሆነ አነስተኛ የሚያሾልከው ዳዮድ ከድርሻው በላይ ቮልቴጅ ይወስዳል። የ1ኤን4007 ሾላኪ ጅረት በ25 ዲግሪ እስከ 5 ማይክሮ አምፔር፣ በ100 ዲግሪ እስከ 50 ማይክሮ አምፔር ሊደርስ ይችላል። ጅረቱ በየ10 ዲግሪው በግርድፉ እጥፍ ስለሚሆን፣ በሐረር ቀዝቃዛ አየር ተፈትኖ የተረከቡት ምንጭ ወደ ድሬዳዋ ሲወርድ ሌላ ጠባይ ቢያሳይ አይደንቅም።

የተለመደው መድኃኒት ለእያንዳንዱ ዳዮድ ትይዩ ሬዚስተር መስጠት ነው። መጠኑ የሚገኘው ከተከታታዩ ጠቅላላ አቅም ላይ ትክክለኛው የተገላቢጦሽ ጫፍ ሲቀነስ፣ ቀሪው ከአንድ ባነሰ የዳዮድ ቁጥርና በሾላኪ ጅረቶች ልዩነት ብዜት ሲካፈል ነው። በምሳሌያችን ከ21,000 ላይ 13,617 ሲቀነስ 7,383 ይቀራል፤ በ20 ጊዜ 50 ማይክሮ አምፔር ሲካፈል ወደ 7.4 ሜጋ ኦም ይሆናል። ቁጠባን የመረጠ ሰው 14 ዳዮድ ብቻ ቢደረድር ግን ይኸው ስሌት 0.59 ሜጋ ኦም ይሰጣል፤ በጫፉ ቅጽበት በእያንዳንዱ ሬዚስተር ላይ ከ1.6 ዋት በላይ ይባክናል። ሰባት ርካሽ ዳዮዶችን ማትረፍ አሥራ አራት ትልልቅ ሬዚስተሮችን ያስከፍላል። መጠባበቂያ ያለው ተከታታይ ለአከፋፈል ስሕተትም ይቅርታ ያደርጋል፤ የሌለው ግን አንዲት ጉድለት አይችልም።

እዚህ ላይ በቀላሉ የሚታለፍ ወጥመድ አለ። ሬዚስተርም የቮልቴጅ ወሰን አለው። የተለመደው ሩብ ዋት ሬዚስተር ሊሸከም የሚችለው ወደ 250 ቮልት ነው፤ ዋቱ አነስተኛ ስለሆነ ብቻ በ1,000 ቮልት ላይ ቢቀመጥ ከጊዜ በኋላ ዋጋው ይዛባል፣ በመጨረሻም ይበጠሳል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ዳዮድ አራት ባለ 1.5 ሜጋ ኦም ሬዚስተሮችን በተከታታይ አስሮ 6 ሜጋ ኦም ማግኘት ይሻላል።

ሬዚስተሩ ጨርሶ አያስፈልግም የሚል ክርክርም አለ፤ መሠረትም አለው። ከአንድ የምርት ዙር የተገኙ የዘመኑ ሲሊኮን ዳዮዶች ሾላኪ ጅረታቸው ተቀራራቢ ነው፤ ብዙዎቹም ወሰናቸውን በጥቂቱ ቢያልፉ ጅረቱን ለአፍታ አሳልፈው ሳይጎዱ ይመለሳሉ። ዋጋቸው የተዛባ ሬዚስተሮች በአንጻሩ ራሳቸው የአከፋፈል ስሕተት ምንጭ ሊሆኑ ይችላሉ። ይህ ክርክር ግን የሚቆመው «ከአንድ የምርት ዙር» በሚለው ቅድመ ሁኔታ ላይ ነው። ከጁገል ውጭ ካሉ የጥገና ሱቆች ከአሮጌ ቴሌቪዥንና ከተጣሉ የኃይል ሳጥኖች ተነቅለው የተሰበሰቡ ዳዮዶች ቅድመ ሁኔታውን አያሟሉም። የታሸገ አዲስ ጥቅል የሚገዛ ላቦራቶሪ ሬዚስተሩን ቢተው ያስኬደዋል፤ ከልዩ ልዩ ቦታ ለቃቅሞ የሚሠራ ግን መተው የለበትም።

ሌላም መንገድ አለ። የማይክሮዌቭ ምድጃ ዳዮድ ብዙውን ጊዜ 12 ኪሎ ቮልትና 350 ሚሊ አምፔር ይችላል፤ በምድጃው ውስጥ በተለመደ ሁኔታ የሚገጥመው የተገላቢጦሽ ጫፍ ወደ 6 ኪሎ ቮልት ነው፤ ይኸውም የግማሽ ያህል መጠባበቂያ ነው። ሁለቱ በተከታታይ ሲያያዙ 24 ኪሎ ቮልት ስለሚሆኑ ለምሳሌያችን ከ20,426 ቮልት በላይ ናቸው። ሃያ አንድ ዳዮድና ሰማንያ አራት ሬዚስተር በሁለት አካል ይተካሉ ማለት ነው። ለ50 ኸርዝ ሥራ ይህ ምርጫ ከቀደመው ይበልጣል፤ አዲስ የተገዙ እስከሆኑ ድረስ።

ፍጥነት

«ለ50 ኸርዝ ሥራ» የሚለው ቃል በከንቱ አልገባም። ዳዮድ ከማስተላለፍ ወደ መዝጋት ሲዞር በውስጡ የተከማቸው ኤሌክትሪካዊ ሙላት እስኪወጣ ድረስ ለጥቂት ጊዜ በተገላቢጦሽም ያስተላልፋል። 1ኤን4007 ለዚህ በማይክሮ ሰከንዶች የሚቆጠር ጊዜ ይወስዳል። ለ50 ኸርዝ፣ ግማሽ ዑደቱ 10,000 ማይክሮ ሰከንድ ስለሆነ፣ ይህ ከምንም አይቆጠርም። በ40 ኪሎ ኸርዝ የሚሠራ ኢንቨርተር ላይ ግን ግማሽ ዑደቱ 12.5 ማይክሮ ሰከንድ ብቻ ነው፤ ዳዮዱ 2 ማይክሮ ሰከንድ ቢዘገይ 16 በመቶው በተሳሳተ አቅጣጫ ይባክናል። በእያንዳንዱ መዝጊያ ላይ 1 ማይክሮ ኩሎም በ800 ቮልት ይወጣል ቢባል በሰከንድ 40,000 ጊዜ 32 ዋት ማለት ነው። ሩቡ ብቻ በዳዮዱ ላይ ቢቀር እንኳ 8 ዋት ነው፤ እንደ ክብሪት ራስ ላነሰ ዳዮድ የማይቻል ሙቀት። በአካሉ ተመሳሳይ የሆነው ዩኤፍ4007 ሥራውን በ75 ናኖ ሰከንድ ይፈጽማል።

በገበያ ላይ የሚያሳስተው ይህ መመሳሰል ነው። ሁለቱም 1,000 ቮልት፣ ሁለቱም 1 አምፔር፣ ሁለቱም ጥቁር በርሜል ላይ ነጭ ቀለበት። ቮልቴጁንና ጅረቱን ብቻ የሚጠይቅ ገዢ ሁለቱን አይለይም። ባለ ከፍተኛ ድግግሞሽ ምንጭ ውስጥ ቀርፋፋው ሲገባ ለጥቂት ጊዜ ይሠራል፤ ሲግል ይበልጥ ይዘገያል፤ ሲዘገይ ይበልጥ ይግላል። የማይክሮዌቭ ዳዮድም ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ 12 ኪሎ ቮልት የሚለው ጽሑፍ አያድነውም።

አየሩ

ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ 1,885 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር 80 በመቶ ያህል ነው። በባሕር ጠለል፣ እኩል ተዘርግቶ በተቀመጠ የኤሌክትሪክ መስክ፣ አንድ ሴንቲ ሜትር አየር ወደ 30 ኪሎ ቮልት ይችላል፤ በሐረር ወደ 24 ይወርዳል። የሹል ጫፎችና የብየዳ ነጥቦች አካባቢ ደግሞ መስኩ እኩል ስላልሆነ ከዚህም እጅግ ባነሰ ቮልቴጅ ብልጭታ ይነሣል።

ለሕክምና መሣሪያዎች የወጣው ዓለም አቀፍ የደኅንነት ደረጃ የአየር ክፍተቶችን የሚያሰላው እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ነው፤ ከ2,000 እስከ 3,000 ሜትር ክፍተቱ በ1.14 እንዲባዛ ያዛል። ሐረር ከወሰኑ በታች ለጥቂት ትቀራለች፤ አዲስ አበባ ታልፈዋለች፤ ከሐረር በስተምዕራብ የሚታዩት የጋራ ሙለታ ከፍታዎችም ያልፉታል። በሐረር ልኩን የጠበቀ ክፍተት ያለው ምንጭ ደጋ ላይ ለሚገኝ ጤና ጣቢያ ሲሰጥ እንደገና መሰላት አለበት።

ለዳዮድ ምርጫ ይህ የሚያስከትለው ነገር ግልጽ ነው። ዳዮዱ የሚችለው ቮልቴጅ ስለ ውስጡ ሲሊኮን የሚናገር ነው፤ ስለ ውጭው አየር አይናገርም። ርዝመቱ 12 ሚሊ ሜትር የሆነ ባለ 20 ኪሎ ቮልት ዳዮድ በሴንቲ ሜትር ወደ 17 ኪሎ ቮልት በገላው ላይ ይዘረጋል፤ አቧራና እርጥበት ባለበት ክፍል ይህ በአየር ላይ አይቻልም። እንዲህ ያሉ ዳዮዶች በትራንስፎርመር ዘይት ወይም በኢፖክሲ ውስጥ እንዲቀመጡ ታስበው የተሠሩ ናቸው። ዘይት ወይም ኢፖክሲ የሌለው ሠሪ ትንንሾቹን ዳዮዶች በረዥሙ ቢደረድር ይሻለዋል፤ ቦታ ለመቆጠብ እንደ እባብ ካጠማዘዛቸው ግን የመጀመሪያውና የመጨረሻው ዳዮድ ጎን ለጎን ይመጡና ሙሉው 13 ኪሎ ቮልት በጥቂት ሚሊ ሜትሮች መካከል ይቆማል። ብየዳው እንደ ጤፍ ፍሬ የሾለ ሳይሆን እንደ አተር የተድበለበለ ይሁን፤ የብየዳ ሙጫውም ይታጠብ።

ስለ ጅረት ጥቂት ብቻ ይበቃል። የከፍተኛ ቮልቴጅ ምንጮች ጭነት አነስተኛ ስለሆነ አማካይ ጅረቱ እምብዛም አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው መብራት በተመለሰ ቁጥር ባዶውን ካፓሲተር የሚሞላው የመጀመሪያው ምት ነው። 5,880 ቮልት በ300 ኦም የትራንስፎርመር ጥቅል ውስጥ ወደ 20 አምፔር ይገፋል። 1ኤን4007 ለአንድ ግማሽ ዑደት 30 አምፔር ይችላል። በሚሊ አምፔር የሚለኩ ቀጫጭን የከፍተኛ ቮልቴጅ ዳዮዶች ግን አይችሉም፤ ከፊታቸው ገዳቢ ሬዚስተር የግድ ነው።

ፍተሻ

ከመግጠም በፊት ካፓሲተሮቹን በሬዚስተር ማፍሰስና መሬት ማስነካት ለማንም የሚነገር ስለሆነ አይደገምም። የሚደገመው ሌላ ነው። የከፍተኛ ቮልቴጅ ዳዮድ በውስጡ በርካታ የሲሊኮን ንጣፎች በተከታታይ ተደርድረው የተሠራ ስለሆነ ወደፊት ለማስተላለፍ በርካታ ቮልት ይፈልጋል። ተራ መልቲሜትር በዳዮድ መለኪያው የሚያወጣው ግን 3 ቮልት ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ደኅናውን የማይክሮዌቭ ዳዮድ በሁለቱም አቅጣጫ «ክፍት» ብሎ ያሳያል፤ ጤነኛው አካል ተጥሎ ያረጀ ሌላ ይገዛል። ባለ 9 ቮልት ባትሪ በ1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በኩል አገናኝቶ በዳዮዱ ላይ የሚቀረውን ቮልቴጅ መለካት ይበቃል፦ በአንደኛው አቅጣጫ ጥቂት ቮልት፣ በተገላቢጦሹ ሙሉው 9 ቮልት ከታየ ዳዮዱ ቢያንስ አልተበጠሰም፣ አልተገናኘምም። በተከታታይ የታሰሩትን ትንንሽ ዳዮዶች ግን ሬዚስተሮቻቸው እንደታሰሩም ቢሆን አንድ በአንድ በመልቲሜትር ማየት ይቻላል፤ ከሃያ አንዱ አንዱ ተገናኝቶ ቢገኝ ምንጩ እስካሁን ስለሠራ ብቻ መተው አይገባም፤ የእርሱን ድርሻ ሃያዎቹ ተከፋፍለው ተሸክመዋልና።

በመግቢያው የተጠቀሰውን ዝምተኛ ብልሽት ለማግኘት ደግሞ ባለ 50 ኸርዝ ነጠላ ፌዝ ራጅ ባለበት ቦታ ሁሉ ሊሠራ የሚችል አሮጌ ዘዴ አለ። ጠርዙ አጠገብ አንዲት ቀዳዳ ያላት የብረት እንዝርት በፊልሙ ላይ እየዞረች ለ0.1 ሰከንድ ትነሣለች፤ እያንዳንዱ የሞገድ ጫፍ በፊልሙ ላይ አንድ ነጥብ ይተዋል። በአሜሪካ የታተሙ የራዲዮግራፊ መማሪያዎች ለ0.1 ሰከንድ 12 ነጥብ ይጠብቃሉ፤ የእነርሱ መስመር 60 ኸርዝ ነውና። በኢትዮጵያ የሚጠበቀው 10 ነው። መጽሐፉን አምኖ 12 የሚፈልግ ሰው ደኅናውን መሣሪያ የታመመ ይመስለዋል። 5 ነጥብ ብቻ ከታየ ግን የድልድዩ አንድ ክንድ ተበጥሷል።